መርፌውንም ክኒኑንም በአንድ ቁና እንስፈር

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። «የቻይና መርፌ፦ ወገብ የማያድን፣ ኪስ የሚያራቁት» ይላል ርዕሱ። ታካሚዎቼ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» እያሉ ሲያሳዩኝ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ በመሰካት የሚሰጠው የቻይና ሕክምና፣ በማስመሰያ መርፌ ተፈትኖ ወድቋል። ከእምነታችን ጋር የማይሄድ ባዕድ ልማድ ነው። ኤችአይቪና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል፣ ሳንባ ይበሳል። የነርቭ ሕመምን ጭራሽ ያባብሳል። ቁም ነገረኛ ሐኪም የትም አገር አያዝዘውም። ስለዚህ ወገቡን የሚያመው ሰው «በሳይንስ የተረጋገጠውን» ማስታገሻ ይውሰድ፤ ካልሆነለት ኦፕራሲዮን ይደረግ።

ከዚህ ውስጥ ትክክል የሆነ አለ። ግማሽ እውነት የሆነም አለ። አንዱ ምክር ግን ሰው ይጎዳል።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መርፌ አልሰካም፤ ከሚሰኩትም ጋር የምጋራው ጥቅም የለኝም። እንዲያውም መርፌ ቤት የሄደ ሰው ከኔ የቀረ ታካሚ ነው። እንጀራዬን እየተከላከልኩ አይደለም ለማለት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«በማስመሰያ መርፌ ተፈትኖ ወድቋል»

ይህ የጽሑፉ ጠንካራው ነጥብ ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንየው። ጸሐፊው የሚጠቅሱት በ2007 የወጣውን የጀርመኖች ጥናት ነው። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ በቻይናዎቹ ደንብ መሠረት መርፌ ተሰካላቸው። ለሁለተኛዎቹ መርፌው የተሰካው ከተለመዱት ነጥቦች ውጭ ነው፤ ለዚያውም ለይስሙላ፣ ከቆዳ ብዙም ሳያልፍ። ሦስተኛዎቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ፤ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ እንቅስቃሴ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያው ቡድን 47.6 በመቶው ተሽሎታል። ከይስሙላው ቡድን 44.2 በመቶው። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ 27.4 በመቶው።

ጸሐፊው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ይዘው «ልዩነት የለም» አሉ። ልክ ናቸው፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ሦስተኛዋን ቁጥር ግን የት አደረሷት? እሷ እኮ የኔ ዓይነቱ ባለሙያና መድኃኒቱ አንድ ላይ ተጋግዘው ያመጡት ውጤት ናት። ማንበቡ ለኔም ደስ አይልም።

በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። የቻይና መርፌ ብዙውን ጊዜ የሚሰካው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ባለሙያው ቱቦውን ቆዳ ላይ ያቆማል፣ ብቅ ያለውን የመርፌ ጫፍ በጣቱ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ቱቦውን መዞ ያወጣል። መርፌው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ለአንዱ ቡድን ቱቦው ውስጥ የከተቱት መርፌ ሳይሆን ስቴኪኒ ነው። አዎ፣ ጥርስ የምንጎረጉርበት ስቴኪኒ። ጫን፣ ጠምዘዝ ያደርጉትና ያነሡታል። ታካሚው በሆዱ ተኝቷል፤ ጀርባው ላይ የሚሆነውን አያይም። ከ8 ሳምንት በኋላ በመርፌም በስቴኪኒም ከታከሙት 60 በመቶ ያህሉ የዕለት ሥራቸውን መሥራት ቀሏቸዋል። በወትሮው ሕክምና ብቻ የቆዩት 39 በመቶ ናቸው። በጥናቱ የተሳተፉት 638 ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ መርፌው የሚሰካበት ትክክለኛ ነጥብ የተባለውን ያህል ወሳኝ አይደለም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በ2018 የ39 ሙከራዎችና የ20,827 ሰዎች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ እውነተኛው መርፌ ከማስመሰያው የተሻለው በጥቂቱ ነው። በ2020 ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ቡድን ገምጋሚዎች 33 ጥናቶችን አይተው ከማስመሰያው ጋር ያለው ልዩነት ለታካሚው ይህን ያህል የሚሰማው አይደለም ብለዋል። ምንም ካለማድረግ ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቅሙ ይታያል።

ታዲያ ያ ሰው በምን ተሻለው? አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ወገቡ ጠየቀው፣ ዳሰሰው፣ አሳረፈው፣ «አይዞህ፣ አልተሰበርክም» አለው። የቆየ ሕመም ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለወራት ያመመው ሰው ነርቮቹ ንቁ ሆነው ይቀራሉ፤ ትንሹ ነገር ሁሉ እንደ አደጋ ይሰማዋል። ፍርሃቱ ሲቀንስ ሕመሙም ይቀንሳል፣ መንቀሳቀስም ይጀምራል። በመርፌ ይምጣ በስቴኪኒ፣ ወገቡን አጎንብሶ ጫማውን ማሰር የቻለ ሰው «አልተሻለህም፣ ተሸውደህ ነው» አይባልም።

ክኒኑስ?

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ያስቀመጡትን ምክር እዚህ ላምጣው፤ ከላይኛው ጋር ስለሚያያዝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። መርፌው ማስመሰያን ካላሸነፈ ይጣል ካልን ክኒኑም እዚያው ቁና ውስጥ ይግባ።

ከፓራሲታሞል እንጀምር። በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ድንገተኛ የወገብ ሕመም የያዛቸው 1,652 ሰዎች ተጠኑ። ፓራሲታሞል ከወሰዱት ግማሾቹ ለመዳን 17 ቀን ፈጀባቸው። ባዶ ክኒን ከዋጡት ግማሾቹ 16 ቀን። ወደ ጠንካሮቹ እንሂድ። በ2023 እዚያው አውስትራሊያ ኦክሲኮዶን የተባለው ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ በ347 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ከባዶው ክኒን አልተሻለም። ለሳያቲካ፣ ማለትም ከወገብ ተነሥቶ እግር ድረስ ለሚወርደው ሕመም፣ ስንቱ ሰው ፕሪጋባሊን ይዋጥለታል? በ2017 በ209 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ያተረፈው ማዞር ነው።

ይኸው ነው «በሳይንስ የተረጋገጠው»። ሁሉም በጸሐፊው ፈተና ወደቁ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያልፋሉ። ጥቅማቸው ትንሽ ቢሆንም ያልፋሉ። ጣጣቸው ሌላ ነው። አንድ ባለ ባጃጅ ታካሚ አለኝ። ወገቡ ሲጠናበት ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ሰፈሩ ካለች ፋርማሲ ጎራ ይልና ዳይክሎፌናክ ይወጋል። ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ይውላል። መርፌው ሕመሙን ስላፈዘዘለት አርፎ አያርፍም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ምልልስ ይሠራል። ማታ ላይ ሕመሙ ይመለሳል። በኋላ ጨጓራው ማቃጠል ጀመረ፤ ለሱ ደግሞ ኦሜፕራዞል ገዛ። ኩላሊቱን የመረመረለት፣ ደም ግፊቱን የለካለት ሰው አልነበረም። ጸሐፊው «የቻይናው መርፌ አደገኛ ነው» ሲሉ ይህኛውን መርፌ ረስተውታል። ይህን የመሰለ ታካሚ በየሳምንቱ ነው የማየው። በቻይና መርፌ ተጎድቶ የመጣ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

በአኩፓንክቸር ይድን ነበር አልልም። እኛ ያደረግነው የመቀመጫውን መደገፊያ ማስተካከል፣ ወረፋ ሲጠብቅ ከባጃጁ ወርዶ እንዲራመድ መስማማትና ለወገቡና ለሆዱ ጡንቻ ስፖርት ማስጀመር ነው። አንዳንድ ቀን ይሠራዋል፣ አንዳንድ ቀን ይዘነጋዋል። የወገብ ሕክምና አብዛኛው እንዲህ አሰልቺ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሰው መርፌ የሚያምረው፣ የቻይናም ይሁን የፋርማሲ።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ ለትክክለኛው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን «ካልሆነለት ኦፕራሲዮን» ተብሎ በጅምላ አይታዘዝም። በ2007 ሆላንድ ውስጥ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ ነርቭ ተጭኗቸው ከባድ ሳያቲካ የያዛቸው 283 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ቶሎ የተሠሩት ቶሎ ቀለላቸው። ዓመቱ ሲሞላ ግን ቶሎ ከተሠሩትም መጀመሪያ እንዲጠብቁ ከተደረጉትም 95 በመቶው ተሽሎታል። ኤምአርአይ ላይ «ዲስክህ ወጣ ብሏል» የተባለ ሁሉም ቢላ አይፈልግም። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 30 በመቶ ያህሉ ፎቶ ቢነሡ ወጣ ያለ ዲስክ ይታይባቸዋል።

«የነርቭ ሕመምን ያባብሳል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ማስረጃ አላቀረቡም። ኮክሬን በ2017 ጉዳዩን ሲገመግም ያገኘው 6 ጥናቶችንና 462 ሰዎችን ነው። ድምዳሜው «ይጠቅማል ለማለትም አይጠቅምም ለማለትም መረጃው አይበቃም» የሚል ነው። ያባብሳል አላለም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሳያቲካ ጥሩ ጥናት መጥቷል። በ2024 የወጣው የቻይና ሙከራ በዲስክ ምክንያት ሳያቲካ የቆየባቸውን 216 ሰዎች ይዞ በ4 ሳምንት 10 ጊዜ አከማቸው። የእግር ሕመማቸው ከመቶ ሲለካ እውነተኛ መርፌ ለተሰካላቸው በ30 ነጥብ ገደማ ወረደ፤ ለማስመሰያዎቹ በ15 ገደማ። ልዩነቱ ከዓመት በኋላም ነበር። አንድ ጥናት ነው፤ ለዚያውም መርፌው በተከበረበት አገር የተሠራ። እኔ ብሆን ቤቴን ሸጬ አልሄድበትም። «ያባብሳል» ከሚለው ጋር ግን አይገጥምም።

የኔ ትልቁ ቅሬታ ሌላ ነው። ጸሐፊውም መርፌ ሻጮቹም «የነርቭ ሕመም» ሲሉ አንድ በሽታ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ዘንድ «ነርቭ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው በተረከዙ ብቻ፣ ከዚያ በእግር ጣቶቹ ብቻ እንዲራመድ አደርገዋለሁ። በጀርባው አስተኝቼ እግሩን ሳይታጠፍ ቀስ ብዬ አነሣለሁ፤ ሕመሙ ከጉልበት በታች ወርዶ ከነዘረው ዲስክ እጠረጥራለሁ። ከዚያ ዓይኑን አስጨፍነዋለሁ፤ ውስጥ እግሩን በቀጭን የናይለን ክር ነካ፣ ነካ አደርጋለሁ። ሲሰማው «አዎ» ይለኛል። አንዳንዱ ነክቼው ነክቼው ዝም ይላል። የዚያ ሰው ችግር ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ አይደለም፤ ስኳር ነው። ስኳሩ ሳይስተካከል ክኒኑም መርፌውም ከንቱ ድካም ነው። የደነዘዘ እግር ላይ መርፌ መሰካት ደግሞ ቁስል መጋበዝ ነው።

አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ደረቱ ዙሪያ እንደ እሳት የሚያቃጥለው ሰው አለ። ለሱ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ርካሽ ክኒን አለ፣ ሐኪም ያዝዝለታል። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ እግሩ የሚቆረጥመው ሰው አለ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቫይታሚን ቢ6 እንዲጨመርለት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቆዳው ላይ ነጣ ያለ፣ ቢቆነጠጥ የማይሰማው ምልክት ያለበት ሰው የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቶሎ ከተደረሰበት በክኒን ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው።

ጓያስ? ፎገራና ደምቢያ ላደገ ሰው ጓያን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በክፉ ዓመት፣ ሌላው እህል ሲጠፋ፣ ጓያን ለወራት ብቻውን የበላ ሰው እግሩ ይገተራል። ጉልበቱ እንደ ልብ አይታጠፍም፤ በምርኩዝ፣ በእግር ጣቶቹ ጫፍ ይሄዳል። ጉዳቱ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት እግርን የሚያዙ ነርቮች ላይ ነው። እስካሁን የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ፊዚዮቴራፒ ግትርነቱን ያላላል እንጂ አያድነውም። ለዚህ ሰው «መርፌ ያስነሣሃል» ማለት ዝርፊያ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

«ባዕድ ልማድ ነው»

አጭር መልስ። «ቺ» የሚባል ኃይል በሰውነት ውስጥ በመስመር ይፈሳል የሚለውን እኔም አላምንም። መርፌ ከሚሰኩት ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ብዙዎቹም አያምኑም። መርፌው ነርቮችን ይቀሰቅሳል፤ አንጎል ደግሞ የራሱን ማስታገሻ ይለቃል። የሞርፊን ማርከሻ ሲሰጥ የመርፌው ማስታገስ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ሥራ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። ለዚህ ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግም። አያቶቻችን ዋግምት ሲያስደርጉ ማን ምን አላቸው?

«ኤችአይቪ፣ የጉበት በሽታ፣ ሳንባ»

ስጋቱ ከመሬት አልተነሣም። የተሠራበት መርፌ ተመልሶ ከተሰካ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ሊተላለፍ ይችላል፤ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚይዘው በሽታ ነው። ትከሻና የላይኛው ጀርባ ላይ በግዴለሽነት የጠለቀ መርፌ ሳንባ ሊነካ ይችላል። ግን መጠኑን እንወቅ። ጀርመን ውስጥ 229,230 ታካሚዎች ተመዝግበው ሲታዩ 8.6 በመቶው አንድ ነገር ገጥሟቸዋል፤ በብዛት ትንሽ መድማት፣ መበለዝ፣ የተሰካበት ቦታ ማመም። ሳንባ የተነካባቸው ሁለት ናቸው። ያ ግን በሠለጠኑ ሐኪሞች እጅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ማን ነው የሚሰካው?» ነው። የት ተማረ? የሙያ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ አለ? መርፌው ከታሸገ ፓኬት ዓይንህ እያየ ይውጣ። ሲጨርስ ለስለት በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ ይጣል። «ቀቅዬዋለሁ» ካለህ ሸሚዝህን ልበስና ውጣ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ይናገሩ።

«የትም አገር ሐኪም አያዝዘውም»

ይህ በቀላሉ ስህተት ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ውስጥ አስገብቶታል። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን ከ2020 ጀምሮ በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ ይከፍልበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 መጨረሻ ባወጣው የወገብ ሕመም መመሪያ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ሰጥቶታል። እንግሊዞች በተቃራኒው በ2016 ለወገብ ሕመም አትስጡ ብለዋል፤ ከዚያ በፊት ስጡ ይሉ ነበር። ጸሐፊው እንግሊዞቹን ብቻ ቢጠቅሱ ኖሮ የተሻለ ክርክር ይሆንላቸው ነበር።

ኪስ ማራቆቱስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ከያዙት በላይ መያዝ ይችሉ ነበር። መርፌው አንድ ቀን ተሰክቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ከላይ ያየናቸው ሙከራዎች ሁሉ አሥር ጊዜ ገደማ ነው የሰኩት። ከዘጌ በጀልባ፣ ከወረታ በሚኒባስ በሳምንት ሁለቴ መምጣት ለገበሬ የሥራ ቀኑን መብላት ነው። ወገቡን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ የሚመላለስማ ያገኘውን እዚያው መንገድ ላይ ያራግፈዋል። አምስት ስድስት ጊዜ ተሰክቶ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ቢያቆም ይሻለዋል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚያስተምረውን ይምረጥ፤ ያንን ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙት ከሆነ «ማስታገሻ ይውሰድ» የሚለውን መስመር አውጥተው ይህን ቢያስገቡልኝ ደስ ይለኛል። ወገቡን እያመመው ሌሊት የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው፣ የሚከሳ ሰው መርፌም ክኒንም ሳይል ይመርመር። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነም ብሩሴሎሲስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ፣ ካንሰር የታከመ ሰው ላይ የመጣ የወገብ ሕመምም እንዲሁ። እግሩ ከቀን ወደ ቀን እየዛለ የሚሄድ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅ። ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ የደነዘዘበት፣ ሽንቱ አልወጣ ያለው ወይም ያመለጠው ሰው ደግሞ በዚያው ሌሊት፣ ባጃጅ ተለምኖም ቢሆን፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ይድረስ። እዚያ ሲደርስ «ወገቤን አመመኝ» ብቻ ብሎ አይቀመጥ፤ የሽንቱንና የድንዛዜውን ነገር አስቀድሞ ይናገር።